እንባ የሚያቆም ዜማ

እኔ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። የማወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስተማረኝ የለም። ከእኔ በፊት ይነፋ የነበረው ሰውዬ የሞተ ለት ጥሩምባው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ለእሱ የሚነፋለት ጠፋ። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ እኔ አወረድኩና ነፋሁት። ሠፈሩ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ መልስ ያለኝ የለም።

ደብረ ታቦር ላይ ጠዋት ጠዋት ከጉና የሚወርደው ብርድ የጥሩምባውን አፍ በረዶ ያደርገዋል። በጋቢዬ አሽቼ አሙቄው ነው የምጀምረው። መጀመሪያ እነፋለሁ፤ ቀጥዬ የሟቹን ስም እጠራለሁ። ሰው የሚያለቅሰው ስሙን ሲሰማ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የሚያለቅሰው ጥሩምባውን ሲሰማ ነው። ስሙን ስጠራማ ግማሹ «እሳቸው ናቸው እንዴ» ብሎ እፎይ ይላል።

በርበሬ ልገዛ ስሄድ ባለሱቋ ገና ከሩቅ ስታየኝ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች።

«ማን ሞተ፣ አያ አስናቀ?»

«በርበሬ ፈልጌ ነው።»

«ተመስገን» ትልና ትንሽ ትመርቅልኛለች።

ስለዚህ፣ ድምፅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ ብዬ እኖር ነበር፤ ዓይናለም ከዓረብ አገር እስክትመጣ ድረስ።

የዓይናለም እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ጎረቤቴ ነበሩ። ቤታቸው ከአጥሬ ወዲያ ነው። አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት እርጎ ሲንጡ የቅሉ ድምፅ አጥሩን አልፎ ይመጣል። ቧጭ፣ ቧጭ፣ ቧጭ። ከሥሩ ደግሞ ያንጎራጉራሉ። ቃል የለውም። ዘፈን አይባል፣ መዝሙር አይባል፤ አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ የሚወጣ ነገር ነው። ሠፈሩ በእኔ ጥሩምባ እየደነገጠ ሲነሳ እኔ በእሳቸው እንጉርጉሮ ነበር የምነሳው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ደረታቸውን ታመው ሞቱ። የነፋሁላቸው እኔ ነኝ። የዚያን ለት ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኝ ድምፁ መሀል ላይ ተቆረጠ። የዕድሩ ዳኛ ወቅሰውኛል።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሦስት ልጆች አሏቸው። ባጃጅ የሚነዳው ማሩ፣ የመጨረሻዋ ጽጌ፣ እና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ዓይናለም። ከቀብሩ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ ለዓይናለም እንዴት ይነገር በሚለው ላይ መከረ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ይሻው «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። ልክ ናቸው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ቀርቦ፣ ሴቶች ደጅ ላይ ቆመው፣ ስትወድቅ የሚደግፋት፣ ፊቷን ስትነጭ እጇን የሚይዛት ሰው ኖሮ። እዚያ ሰው አገር ብቻዋን ማን ይይዛታል? ስትመጣ ይነገራት ተባለ። እስክትመጣ ድረስ እናቷ በሕይወት እንዲቆዩ ተወሰነ።

ሰውን በሕይወት ማቆየት ሥራ ነው። ሥራው የወደቀው ጽጌ ላይ ነው። ዓይናለም በኢሞ ስትደውል ጽጌ ጥቁር ልብሷን አውልቃ ነጭ ነጠላ ትለብሳለች፤ ትስቃለች፤ የላሟን ወሬ፣ የጎረቤት ሠርግ ታወራለች። ስልኩ ሲዘጋ ጥቁሩን መልሳ ታጠልቃለች። «እማዬስ?» ሲባል፣ «ጣራ ገዳም ጸበል ወርዳለች።» በሌላ ጊዜ፣ «አንበሳሜ አክስቴ ጋ ናት።» በሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ጆሮዋን አሟታል፤ ስልክ ይጮህባታል።» ኔትወርክ መጥፋቱም በጣም አግዞናል። ወይዘሮ ፈንታነሽ በሕይወት ሳሉ ያልረገጡትን ጸበል ሁሉ ከሞቱ በኋላ ዞሩት።

እኔም ድርሻ ነበረኝ። አንድ ቀን ማሩ መጣና፣

«አያ አስናቀ፣ ዓይናለም በምትደውልበት ሰዓት ባይነፉ» አለኝ።

«ሰው ቢሞትስ?»

«ትንሽ ይቆዩዋ።»

«ሟቹን አስቆይ ነው የምትለኝ?»

«ሟቹማ የት ይሄዳል፣ አያ አስናቀ።»

ቆየሁ። አንዴ አንድ ሰውዬ እሷ ስልክ ዘግታ እስክትጨርስ ሳይሞት ቆይቷል።

ዓይናለም ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ መጣች። በወጉ መሠረት እናቷ ቤት አላስገቧትም፤ አጎቷ አቶ ሙላቴ ጋ አሳረፏት። «እናትሽ ጸበል ናት፤ ነገ ትመጣለች» ተባለች። «እሺ» አለች። ሻንጣዋን ከፍታ ለሁሉም ያመጣችውን አወጣች። ለማሩ ጃኬት፣ ለጽጌ ጫማ፣ ለአጎቷ ሰዓት። ለእኔ እንኳ ካልሲ። ለእናቷ ያመጣችውን ግን አላየሁም። ለብቻ አስቀምጣው ይሆናል አልኩ።

ጎህ ሲቀድ መምሬ ይሻው፣ አቶ ሙላቴና ሌሎች ሽማግሎች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ላይ ቆመዋል። ማሩ ከእህቱ ጀርባ ተጠግቷል፤ ስትወድቅ ሊይዛት። ጽጌ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነው እህቷ ፊት የተቀመጠችው።

መምሬ ይሻው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ ዓይናለም፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። ሰው ሲወለድ ለመሞት ነው። ቀድሞ የሚሄድ አለ፣ ተከትሎ የሚሄድ አለ። እናትሽ ወይዘሮ ፈንታነሽ...»

ደጅ ያሉት ሴቶች ስሙን ሲሰሙ ጩኸቱን ለቀቁት። ማሩ እጁን ዘረጋ። ዓይናለም አልወደቀችም። ጋቢዋን አስተካከለች፣ አንገቷን ደፋች።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለች።

ለእኛ ነው። መርዶ የተነገራት እሷ ናት፣ ያጽናናችው እኛን። ማሩ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ቆየ። የውጭው ጩኸት አንድ በአንድ ቀነሰ፤ በመጨረሻ የቀረች አንዲት አሮጊት ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ አቆመች።

እናቷ ደጅ ላይ ድንኳን ተተከለ። ማሩ ነገሩን አልወደደውም። በልቡ ያለውን ገምቱት፤ ለእናቱ ሁለተኛ ለቅሶ ደግሶ፣ ዘመድ ከየአገሩ ጠርቶ፣ ዋናዋ ለቀስተኛ እንግዳ ተቀባይ መስላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ወደ ጉና ሰው ልኮ እማማ ውቢትን በበቅሎ አስመጣ።

እማማ ውቢት ሙሾ አውራጅ ናቸው። እኔ በጥሩምባ በሩን እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይገቡበታል። የማያውቁትን ሟች ታሪክ ከበቅሎ እስኪወርዱ ጠይቀው ይጨርሳሉ። ድንኳኑ መሀል ቆሙና ዓይናለምን አይተው ጀመሩ፦

«ከዓረብ አገር ድረስ ሻንጣ ይዘሽ መጥተሽ፣
ማን ከፍቶ ያየዋል እናትሽን አጥተሽ።»

ድንኳኑ ተናወጠ። ገና አልጨረሱም፦

«ጎረቤት ሲጠራት አቤት ባይ እናትሽ፣
ዛሬስ ዝም አለችሽ ደጇ ድረስ መጥተሽ።»

አቶ ሙላቴ እንደ ሕፃን አለቀሱ። መንገድ ሊጠይቅ የቆመ ሹፌር ባጃጁን አጥፍቶ ገብቶ አለቀሰ። እኔ አልቅሼ ነበር። ዓይናለምን ግን አያታለሁ፤ ሰው ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ማየት ልማዴ ነው። ዓይኗ ይሞላል። አሁን መጣ፣ አሁን ወረደ ስል ከንፈሯ በጣም በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ ነገር የምታንጎራጉር ይመስላል። ከዚያ ዓይኗ ይደርቃል። አልደበቀችውም፣ አልጠረገችውም። ደረቀ።

የሴቶቹ ሹክሹክታ ጀመረ።

«ዓረብ አገር ልቧን ድንጋይ አርጎት መጣ።»

«እንባዋንም እዚያው ሸጣው ይሆናል።»

«ተይ፣ ብርድ ይሆናል።»

«ብርድ ንፍጥ ነው የሚያመጣ፣ እንባ ይከለክላል እንዴ?»

እማማ ውቢት ሊያርፉ ወደ ውጭ ወጡ። ውሃ ጠጡ። ላብ በላብ ሆነዋል።

«አስናቀ፣ ይቺ ልጅ ሰው ናት?» አሉኝ።

«ናት።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ አልቅሻለሁ። ገዳይ አስለቅሻለሁ። ምራቷን ያልወደደች አማት ምራቷ ስትሞት አስለቅሻለሁ። እንዲህ ያዋረደኝ የለም።»

በዚህ መሀል ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ሙሾ አይደለም፤ ጽጌ ናት። ተነስታ እህቷ ፊት ቆማለች።

«አልቅሺ እንጂ!» አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስስቅልሽ ነበር! በእማዬ ዐርባ ቀን ዕለት ደውለሽ ስለ ሠርግ አውርቼልሻለሁ! ከመጣች አብረን እናለቅሳለን ብዬ፣ ብቻዬን ጀምሬ ማቆም ቢያቅተኝስ፣ ስልክ ቢደወልስ ብዬ፣ እናቴን አላለቀስኳትም! አስቀምጬልሻለሁ! አሁን እንግዲህ ብቻዬን ላልቅስ ነው?»

ጽጌ ይህን ስትል እንባ አልነበራትም። የዚያን ጊዜ ገባኝ። በቀብሩ ዕለት ሰው ስታስተናግድ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ ስታነሳ፣ ልብስ ስትቀይር ነው ያየኋት። ስታለቅስ አላየኋትም። ለቅሶው የተደገሰው ለዓይናለም ብቻ አልነበረም።

ዓይናለም ቀና ብላ አየቻት።

«አውቄ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«እማዬ መሞቷን።»

«ማን ነገረሽ?» አለ ማሩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ አልነፋሁም» አልኩ። ሪያድ ድረስ እንደማይሰማ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

«ማንም አልነገረኝም» አለች ዓይናለም። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ማሩ እያዋራኝ ከኋላው ቅል ሲናጥ ሰማሁ። እንጉርጉሮ አለው። የእማዬ ነው። ተሻላት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ግን እንጉርጉሮው አላቆመም። እማዬ መሀል ላይ ታቆማለች። ጆሮዋን ቅሉ ላይ አድርጋ ቅቤው መሰብሰብ መጀመሩን ታዳምጣለች። ከዚያ ነው የምትቀጥለው። ያ ሳያቆም ሄደ። ጽጌ ናት አልኩ። እማዬ በሕይወት እያለች ደግሞ፣ ብትታመም እንኳ፣ ጽጌ ቅል ነክታ አታውቅም።»

ነጭ ነጠላ አዘጋጅተናል። ጸበል መርጠናል። ጥሩምባ አስቁመናል። ቅሉን ያሰበው የለም። ላሚቱ ትታለባለች፣ ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፤ እጅ ሲንጥ ደግሞ አፍ የለመደውን ያንጎራጉራል። ጽጌ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለ ማሩ።

«ደክማችሁበታል» አለች። «ጽጌ ነጭ ለብሳ ስትስቅ እያየሁ ምን ብዬ? ሳቋን ላበላሽባት?»

«የት አለቀስሽ ታዲያ?» አሉ እማማ ውቢት። ወደ ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል። ጥያቄው የሙያ ነው።

«ልብስ ማጠቢያው ክፍል። እመቤቲቱ እንባ አትወድም፤ ልጆቼን ታስደነግጪብኛለሽ ትላለች። ያ ክፍል በር አለው። ማሽኑ ሲዞር ድምፁ ትልቅ ነው፤ ያኔ አለቅሳለሁ። ታጥቦ ሲያልቅ ይዘፍናል። ሲዘፍን ፊቴን ታጥቤ፣ ልብሱን አውጥቼ እሄዳለሁ።»

«ማሽኑ ይዘፍናል?»

«ይዘፍናል፣ እማማ።»

«ምን ብሎ?»

ዓይናለም ትንሽ አመነታችና በአፏ አሰማቻቸው። ቲ-ሪሪ-ራ፣ ቲ-ሪሪ-ራ፣ ቲ-ሪሪ-ሪሪ-ራ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ የልጆች ሠርግ ቢኖር የሚዘፈን ዓይነት። ከድንኳኑ ኋላ የሚጫወቱ ሕፃናት ወዲያው ያዙትና እየዘለሉ ይሉት ጀመር።

«አሁን እንባዬ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ይመጣል» አለች። «እርሶ ሙሾ ሲያወርዱ ልቤ ሄዷል። ልክ ሊወርድልኝ ሲል እሱ ጆሮዬ ውስጥ ይዘፍናል፤ ዓይኔ ይደርቃል። ልቤ አልደነደነም፣ እማማ። እሱ ነው።»

እማማ ውቢት ጆሯቸውን ወደ ሕፃናቱ ጣሉ። ዜማውን በልባቸው እየመዘኑት ይመስለኛል።

«ማነው ያወጣው?» አሉ በመጨረሻ።

«እንጃ። ፋብሪካው ይሆናል።»

«ክፉ ባለሙያ ነው» አሉ። ነጠላቸውን አጣፉና በቅሏቸውን እንዲጭኑላቸው ላኩ። የሚበላ ቀርቦላቸው አልነኩም። በቅሎ ላይ ሲወጡ እግራቸውን ደገፍኳቸው። «እኔ ሰው ያወጣውን ነው የምችለው፣ አስናቀ» አሉኝና ሄዱ።

ጽጌ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ዓይናለም እዚያው ተቀምጣ መሸ። ለቀስተኛው «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ቶሎ ቶሎ ወጣ፤ ሰው የሚያለቅስበት ቤት እንጂ የማያለቅስበት ለቅሶ ቤት መቀመጥ አይችልም። ማሩ በሩ ላይ ቆሞ ሲሸኝ ፊቱ የተመታ ሰው ይመስል ነበር።

በነጋታው የዕድሩን ድንኳን ልነቅል ሄድኩ። ይህም የእኔ ሥራ ነው። ጉና በደመና ተሸፍኗል። ሕፃናቱ መንገድ ላይ ያንን የማሽን ዜማ እየዘፈኑ ውሃ ይቀዳሉ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ይዞኛል። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲዞር አድሮ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እሱኑ ሳሰማ ሚስቴ «ምን አስደሰተህ?» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ገመድ ፈትቼ ሁለተኛውን ስጀምር ከቤት ውስጥ ሰማሁት። ቧጭ፣ ቧጭ። በለቅሶው ምክንያት የተጠራቀመ እርጎ ይኖራል፤ መናጥ አለበት። በሩ ገርበብ ብሏል። ጽጌ ቅሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንጣለች፤ ዓይናለም ከፊቷ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ከተኳረፉ በኋላ እርስ በርስ ያወሩ አይመስሉም። ጽጌ ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች።

«እዚያ ጋ ቁሚ» አለች ዓይናለም።

«የት?»

«ከፍ ካለ በኋላ። ሲወርድ።»

ጽጌ ጀመረች። አለፈችው።

«አለፍሽው።»

«እሷ ስታቆም ሰምቼ አላውቅም።»

«ተኝተሽ ስለነበር ነው። ሁልጊዜ ተኝተሽ ነበር። አምጪው።»

ዓይናለም ቅሉን ተቀበለች። እጇ ትንሽ ቆየና አስታወሰ። ቧጭ፣ ቧጭ። እንጉርጉሮው ጀመረ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጽጌ ያልሰማሁት ነገር አጥሩን አልፎ ሳይሆን ከፊቴ መጣ። ከፍ አለ። ወረደ። አቆመ።

ዓይናለም ጆሮዋን ቅሉ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

ጸጥታ ነበር። እዚያ ጸጥታ ውስጥ የማሽኑ ዜማ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ሌሊቱን ሲዞር ያደረው እኮ ነው። አልመጣም። መግቢያ ያጣ ይመስለኛል። ያቺ ቦታ የተያዘች ናት፤ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ሲያዳምጥባት ኖሯል።

«እማዬ» አለች ዓይናለም፣ ቅሉን።

ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ የማውቀው ድምፅ አንድ ነው፤ እሱ ነበር፣ ያለ ጥሩምባ። ጽጌ «እህቴ፣ እህቴ» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ የእሷም ተቀላቀለና የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቅሉ ወደቀ። እርጎው ያልተሰበሰበ ቅቤ እየያዘ ፈስሶ እስከ ደፉ መጣ። እግሬን አነሳሁ።

ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። ወጉ ነው፤ ሰው ብቻውን አያለቅስም። ጥሩምባው ብብቴ ሥር ነው። አልነፋሁም።

ማሩ ባጃጁን አቁሞ መጣ። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ዘምሟል።

«አያ አስናቀ፣ ገና አልነቀሉትም?»

«ገና ነው።»

«ለቅሶው እኮ አለቀ። ቢያልቅም ባይ...» አለና ከውስጥ የሚመጣውን ሰማ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ሁለት ዓመት የያዘውን ሁሉ ከራሱ ላይ ያወረደ ይመስል ለረጅም ጊዜ በእጁ ያዘው። በፈሰሰው እርጎ ላይ ረግጦ ገባ። ከጥቂት በኋላ የእሱንም ድምፅ ሰማሁ።

ብቻዬን ደጅ ቀረሁ። የፈታሁትን ገመድ መልሼ አሰርኩ።